ገነቴ የጻፈችው ንግግር

«የጠጥታው ምክር ቤት አምስት ቋሚ አባላት አሉት» አለች ገነቴ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት ቆማ።

ሶስና ሳቋ አመለጣት። አፏን በእጇ ብትሸፍነውም አልቆም አላት።

«ምን አልኩ?»

«የጠጥታው አልሽ! ጸጥታ ነው እኮ ገኒዬ። ጠጥቶ የሰከረ ምክር ቤት አስመሰልሽው።»

ገነቴም አብራ ሳቀች። ግን ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የዚያን ቀን ልምምዱን አልቀጠለችም።

ሁለቱም ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ገነቴ ከጊምቢቹ መጥታ አክስቷ ቤት ነው የምትኖረው፤ ቤት ውስጥ የሚወራው የሀዲይሳ ቋንቋ ነው። የሶስና አባት ደግሞ ለመንግሥት ሥራ ከደሴ የመጡ ሰው ናቸው፤ እሷ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። ከዱራሜ ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር ለሚደረገው ክርክር የዜግነት ትምህርት አስተማሪያቸው መምህር ወንዳፈረው ገነቴን ተናጋሪ፣ ሶስናን ማስታወሻ ያዥ አድርገው መርጠዋል። ርዕሱ «በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የዓለምን የኃይል ሚዛን መለወጥ ይችላሉ» የሚል ነበር። ገነቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ላይብረሪ ተቀምጣ አራት ገጽ ጻፈች። ብሪክስ ስለተባለው የአገሮች ቡድን፣ ስለ ሕንድና ብራዚል፣ አፍሪካ በምክር ቤቱ ቋሚ መቀመጫ ስለማጣቷ።

ሶስና አራቱን ገጽ ስታነብ ቀናች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አነጋገር ሊበላሽ ነው ብላ አሰበች። ቢያንስ ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ይህ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ብቻዋን መምህራን ክፍል ሄደች። «ቲቸር፣ ገነቴ መድረክ ላይ መናገር ፈርታለች። ለእርስዎ መንገር አፍራ ነው። እኔ እንድናገርላት ትፈልጋለች» አለች።

ለገነቴ ደግሞ «ቲቸር ናቸው የቀየሩን። አማርኛዋ ያስቸግራል፣ ልጆቹ ሙድ ይይዙባታል አሉ» አለቻት።

ገነቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቶቹን አውጥታ ሰጠቻት። «ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርሺ ቀስ በይ» ብቻ አለች። «እዚያ ጋ ሰው እንዲያስብ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሶስና ቆማ ስታነብ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀስ አለች። «ስለ እኛ በሚወሰንበት ቀን እኛ ደጅ ቆመን ውሳኔውን ከሌላ ሰው እንሰማለን» ስትል ጭብጨባ ተነሳ። ለአፍታ ቃሉ የራሷ መሰላት። ገነቴ አጠገቧ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች።

ከዚያ የዱራሜው ተከራካሪ ፈትሁዲን ተነሳ፤ ረጋ ያለ፣ ቀጭን ልጅ ነው። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «እነዚህ አገሮች ኃይል ሲያገኙ ከእነሱ ለሚያንሰው ያስባሉ ብላችሁ ነው? ወይስ ዛሬ በእነሱ ላይ የሚደረገውን ነገ እነሱም በሌላው ላይ ያደርጉታል? ዋስትናችሁ ምንድን ነው?»

አራቱ ገጽ ውስጥ ይህ የለም። «እ… በመሠረቱ…» አለች ሶስና። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጆሮዋ ጋለ። በዚህ መሀል ገነቴ ቶሎ ቶሎ የጻፈችውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋችው። ሶስና አንስታ ሳታስብ ማንበብ ጀመረች።

«ዋስትና የለኝም። ወንድሜ የሚኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። አገሪቱ ዛሬ ከትልልቆቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። አምና ግን የወንድሜን ሱቅ ዘርፈው አቃጠሉበት፤ ወደ አገርህ ሂድ አሉት። ስለዚህ መቀመጫ ማግኘት ብቻውን ደግ እንደማያደርግ አውቃለሁ። መቀመጫውን የምንጠይቀው ከሌላው ስለምንሻል አይደለም። እዚያ የሚወሰነው እኛ ላይ ስለሚደርስ ነው።»

ሶስና የነቃችው የመጀመሪያውን «ወንድሜ» ስትል ነው። እሷ ወንድም የላትም። «የጓደኛዬ ወንድም» ብላ ማስተካከል ትችል ነበር፤ አፏ ግን አልቆመም። እንዲያውም ሁለተኛው «ወንድሜ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልቧ እንደተሰበረ ሰው አነበበችው።

ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነው። ከዳኞቹ አንዷ ወይዘሮ አየለች መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ፈትሁዲን ራሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ።

አሸነፉ።

ውጭ በረንዳው ላይ መምህር ወንዳፈረው ሁለቱንም ጨበጧቸው። «ገነቴ፣ ጽሑፉ ግሩም ነው። ግን ምን አስፈራሽ? ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮ አብረን እንለማመድ ነበር። አንቺ እንድትናገሪ ነበር የፈለግኩት።»

ገነቴ መምህሩን አየቻቸው፤ ቀጥላ ሶስናን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት። «ምንም አይደል፣ ቲቸር» አለች።

ሶስና ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች። ወይዘሮ አየለች መጥተው ሲያቅፏት እንኳ ቀና አላለችም። «የእኔም ትንሹ ልጄ እዚያው ነው» አሏት። «ወንድምሽ አሁን ደህና ነው፣ የኔ ልጅ?»

ገነቴ አንድ እርምጃ ርቃ ቆማለች።

«ደህና ነው» አለች ሶስና።

ወይዘሮዋ እግዚአብሔርን አመስግነው ከመምህሩ ጋር ወደ ግቢው በር ሄዱ። ገነቴ ጠጋ አለች። አልጮኸችም።

«ማቴዎስ ነው ስሙ» አለቻት። «ደግመው ከጠየቁሽ እንዳትቸገሪ።»

ይህን ብላ ሄደች። ሶስና በዓይኗ ተከተለቻት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስሙን ጠይቃት አታውቅም። ሱቁ የተቃጠለ ሰሞን ገነቴ ለአንድ ሳምንት ከክፍል ስትቀር ጉንፋን ይዟት ይሆናል ብላ ነበር ያለፈችው።

«ሶስና፣ ነይ እንጂ! ፎቶ እንነሳ!» ብለው የክፍሏ ልጆች ተጣሩ። ሽልማቱን ከፍ አድርገው ይዘውታል።

እጇን ወዘወዘችላቸውና በሌላ በኩል ወደ በሩ ሮጠች። መምህር ወንዳፈረውና ወይዘሮ አየለች ባጃጅ ውስጥ ገብተዋል፤ ሞተሩ ተነስቷል።

«ቲቸር!» አለች። ትንፋሿ ተቆራረጠ። «አንድ ነገር አለ። ወይዘሮ አየለችም ቢሰሙኝ… እሳቸውም መስማት አለባቸው።»

መምህሩ ፊቷን አይተው የባጃጁን ልጅ ትከሻውን ነካ አደረጉት። «አንዴ አጥፋው» አሉት።

ሞተሩ ጠፋ። ገነቴ አስፋልቱን ተሻግራ ከዓይን ርቃለች። ሶስና መናገር ጀመረች።