ኮምፒውተሩ ያወጣው ፊት

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት አንዷ ነበርኩ፣ ሙት ታየኝ የሚል ሁሉ ወይ ጠጥቷል ወይ ጾሙን ውሏል እል ነበር፣ እመኑኝ፣ ይሄንንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም።

ልጄን ሄለንን አልወለድኳትም። ሲግናል ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የነበረች ሴት ናት የወለደቻት፣ ክርስትና ሳታስነሳት ሞተች፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቀበርናት፣ ሕፃኗ እኔ ጋ ቀረች፣ ይሄንን ለልጅቷ ነግሬያት አላውቅም። በሙት ይቀናል ወይ አትበሉኝ፣ ይቀናል፣ ሄለን በሳቀች ቁጥር የዚያችን ሳቅ እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር። ቡታጋዙ ፈንድቶ ፊቷን ያቃጠላት ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዴ ብቻ፣ አሁንስ ማንንም አትመስልም ብዬ አስቤያለሁ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። "እናት፣ ከጭኗ ቆዳ አንስተን ስንለጥፍ ምን እንደምትመስል ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ያሳየናል፣ ሳትቃጠል የተነሳችው ፎቶ ካለ ያምጡልኝ" አለኝ። የእሷ ፎቶ ሞልቶኛል፣ እኔ ግን እኔን እንድትመስል ብዬ በኮረዳነቴ የተነሳሁትን የራሴን ወሰድኩ፣ ሄለን ለደም ምርመራ ስትወጣ ጠብቄ "ይቺውና" ብዬ ሰጠሁት።

"ጥቁርና ነጭ?" አለ።

"የሰፈራችን ፎቶ ቤት የሚያነሳው እንዲህ ነው፣ ዶክተር" አልኩ ሳላፍር።

ፎቶውን አስገብቶ ቆዳው የሚሳብበትን መስመር ማስመር ጀመረ። ከማሽኑ ውስጥ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠራርግ ያለ ድምፅ ወጣ፣ ያቺ የሞተችው ሴት በሬን ልታንኳኳ ስትል እንዲህ ነበር የምታደርገው።

"ምንድነው?" አልኩ።

"ማራገቢያው ነው፣ አቧራ ይዞታል።"

ከዚያ እስክሪኑ ላይ ፊቱ ሞላ። እኔ አይደለሁም። ቅንድቧ፣ ያ የሚያናድደኝ የከንፈሯ ጥግ፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ የመስቀል ንቅሳቷ፣ ያቺው የወለደቻት ራሷ።

"ግንባሯ ላይ ያለውስ?" አልኩ።

"የቀዶ ጥገናው መስመር ነው፣ አጠፋዋለሁ።" መስመሮቹ ሁሉ ጠፉ፣ መስቀሉ ቀረ። ደጋግሞ ተጫነ፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካው!" አለ።

በዚህ መሃል ሄለን ገባች። ከተቃጠለች ወዲህ መስታወት የሸሸች ልጅ፣ ሄዳ እስክሪኑ ላይ ተደፋች።

"እማዬ" አለች።

"አቤት" አልኩ።

ዞራም አላየችኝ። ለእኔ አልነበረም።

የኦፕራሲዮኑን ፈቃድ ፈረምኩ፣ ምን ላድርግ፣ ልጄ ናት። ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፣ ግንባሯ ንጹሕ ነው፣ ሰው ሁሉ ተመስገን ይላል፣ እኔም እላለሁ። ስትጠራኝ ግን ዓይኗ እኔ ላይ አያርፍም፣ ከትከሻዬ ኋላ ያለ ሰው ታይ ይመስል ፈገግ ትላለች፣ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።