የስምንት ሰዓቱ ሥር

ዶክተር ጉተማ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተገኙት ፊታቸው የባቄላ ሥር በተነከረበት ሳፋ ውስጥ ተደፍቶ ነው። ማጅራታቸው በብረት ተመቷል። የበሰበሰው ባቄላ ግን ከሬሳው ይብስ ይሸት ነበር፤ ኢንስፔክተር አልፊያ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ገባች።

ቤቴል ውስጥ በኪራይ ቪላ የተከፈተው የዕፅዋት ላብራቶሪ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ሮቤራ፣ ገዳይ አዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት።

«ሸዋረጋ ናት፤ ጽዳቷ። ትናንት ዶክተሩ በሰው ፊት ሰድበዋታል። ሬሳውን ያየው ሐኪም፣ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ነው የሞቱት ብሏል፤ ያኔ ዋናው ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ለድርጅቱ ስም ሲባል ቶሎ ውሰዱልን።»

ሸዋረጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቷል።

አልፊያ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች። የዶክተሩ ተማሪ ኤልናታን ስድስት ብልቃጥ ደርድሮ ጠበቃት። ከክፍሉ ንቅንቅ እንዳላለ ማለላት።

«የሥር ጫፍ ሴሎች በየፊናቸው ነው የሚከፈሉት» አለ። «ሌሊቱን በመድኃኒት መከፈላቸውን እናስቆማለን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስናጥባቸው እኩል ይነሳሉ፤ ስምንት ሰዓት ላይ አብዛኞቹ ሲከፈሉ ይታያሉ። እኔ ከሦስት እስከ ስምንት በየሰዓቱ ቆርጬ፣ ባሉበት እንዲቀሩ አልኮል ውስጥ እከታለሁ። መቼ ልውጣ?»

ብልቃጦቹ ላይ ሰዓቱ ባማረ የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል።

ወዲያው ሁሉንም ሽታው ወዳለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሮቤራ በመሐረብ አፉን ያዘ። ከሳፋው አጠገብ ጨርቅ የለበሰ ማይክሮስኮፕ ነበር።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ ማይክሮስኮፑን ጨርቅ ያለበሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ትናንት የተሰደብኩት እኮ አቧራውን ስለጠረግኩ ነው። ከነካሁት እባረራለሁ።»

አልፊያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበች፦ ማይክሮስኮፑን ሳያለብስ የሚወጣ ተማሪ ውጤቱ ይሰረዛል።

«የሞተ ሰው ማይክሮስኮፕ አያለብስም» አለችና ጨርቁን ገፈፈች። ከሌንሱ በታች የሥር ቁራጭ ያለበት የመስታወት ስላይድ ነበር፤ በዚያው ያማረ ጽሕፈት «8 ሰዓት» ይላል።

«ዶክተሩ የሞቱት አምስት ሰዓት ላይ ነው። የስምንት ሰዓቱን ሥር ከየት አመጡት?»

ኤልናታን ትንፋሹን ለቀቀ። «እሺ፣ ሁሉንም ሦስት ሰዓት ላይ ቆረጥኩ። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራው። ይሄ መግደል አይደለም።»

«አይደለም። ግን ዶክተሩ ስላይዱን ሲያዩ በመከፈል ላይ ያለ አንድም ሴል አጡ። የደወሉት ላንተ ነው፤ ስልካቸው ላይ የመጨረሻው ጥሪ ወዳንተ ነው። መጣህ፣ መታሃቸው፣ ከዚያ እጅህ የለመደውን አደረገ። አለበስከው።»

«ለመመረቅ ሁለት ወር ነው የቀረኝ። ሊሰርዙኝ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «በውሸቱ እኮ አልተቆጡም። ‹ስሜ ከፊት ባለበት የጥናት ጽሑፍ ትቀልዳለህ ወይ?› ነው ያሉኝ። በአንዴ መቁረጡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ሮቤራ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ውጤቱ ለለጋሾች ስለተላከ የብልቃጦቹ ነገር ከመዝገቡ ይቅር ይሆን ሲል ጠየቀ። አልፊያ ከሳፋው ይልቅ ከእሱ ፊቷን አዞረች። ካቴናው ኤልናታን እጅ ላይ ገባ።

ሸዋረጋ ስትለቀቅ ወደ ማይክሮስኮፑ ተጠጋች።

«ልየው?»

«ይዩት።»

ጎንበስ ብላ ቆየች። «ምንም የለም።»

«ሳይጀምሩ ነው የቆረጣቸው።»

ሸዋረጋ ጨርቁን ከመሬት አነሳች፣ አየችው፣ ወለሉን ጠረገችበትና ማይክሮስኮፑን እንደተገለጠ ትታው ወጣች።