ከቺፑ ያልጠፋው ስም

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ አይመን፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ሦስት ነበርን። የክፍላችን ኃላፊ ጓድ አስፋው፣ የሕንፃው ዘበኛ አባባ መረሳ፣ እና እኔ ሀብተ ማርያም። ጊዜው ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ነው። ልደታ፣ ሰንጋ ተራ አጠገብ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር መብራት በርቶ ነበር።

መጀመሪያ ግን ወልደገብርኤል ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ወንድሜ ነው። በእናት ነው የምንገናኘው። የአባቶቻችን ስም ስለሚለያይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። እሱ መሐንዲስ፣ እኔ ሽቦ በያጅ።

ጌጃ ሰፈር ያለው ወርክሾፓችን አሳንሰር የሚያዝዝ ትንሽ የኮምፒዩተር ቦርድ ይሠራ ነበር። ቦርዱ ያለ ፕሮግራም ድንጋይ ማለት ነው። ከእንቅልፉ የሚያስነሳውን፣ ውጣ፣ ውረድ፣ ቁም የሚለውን ዋና ፕሮግራም ወንድሜ ብቻውን ጽፎ ጨረሰ።

በዚያው ሳምንት ሰዎች መጥተው ወሰዱት።

የጠቆመው አስፋው ነው። ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እናቴ ታስሯል ብላ ስንቅ እንዳታደርስ የምታንኳኳው በር የለም። ሞቷል ብላ እርሟን እንዳታወጣ ያረዳት ሰው የለም። ዓመት ሙሉ በር በሩን ስታይ ከረመች።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር... አስፋው አፉን ከፍቶ፣ አለ ወይም ሞቷል እንዲለኝ።

እንግዲህ ከዚያ የነሐሴ ቀን ማግስት ትልልቅ ጓዶች ሰንጋ ተራ አጠገብ ያለውን የአዲሱን ሕንፃ አሳንሰር ሊመርቁ ይመጣሉ። አስፋው ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሏል። በዚሁም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሊላክ ነው። የቀረችው አንዲት እንቅፋት ናት። ቦርዱ ቴሌቪዥን ተሰክቶለት በተነሳ ቁጥር የጻፈውን ሰው ስም ያሳያል። የሙያው ሰዎች ልማድ ነው።

አስፋው ያንን ስም አጥፍቶ የራሱን ሊተካ ፈለገ።

ፕሮግራሙ ያለበት ቺፕ የብረት እግሮች ያሉት ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ነው፤ ጀርባው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለችው። ሐምራዊ መብራት ያለው ሳጥን ውስጥ ሲቆይ የተጻፈበት ሁሉ ይጠፋል። አስፋው ፕሮግራሙን ወደ ትልቁ ኮምፒዩተር ገልብጦ ስሙን ቀየረ። ቺፑን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። አወጣው። ባዶ መሆኑን አረጋገጠ። አዲሱን ጻፈበት።

ቦርዱን ከትንሿ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁለት።

ስሙ በላቲን ፊደል መጣ።

ወልደገብርኤል።

«አልጠፋም ማለት ነው» አለ።

«ባዶ ነው ብለው ነበር እኮ፣ ጓድ።»

«አንተ ሽቦህን በይድ።»

እንደገና አጠፋው። እንደገና ጻፈው።

ወልደገብርኤል። ከሥሩም ሌላ መስመር...

አስፋው፣ ና።

አስፋው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

«ሀብቴ፣ አንተ ነህ የምትቀልድብኝ?»

«እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ፣ ጓድ። ፊደሉን አነባለሁ እንጂ ፕሮግራም መጻፍ ከየት አምጥቼ።»

«እሱስ እውነትህን ነው።»

ሌላ ቺፕ ከታሸገ ከረጢት አወጣ። የሰው እጅ ያልነካው አዲስ ነው፤ ጻፈበት። ተቀብዬው ልሰካ ስል እግሮቹ መሃል ቀይ አፈር አየሁ።

እርጥብ ነበር።

ሰካሁት።

አስፋው፣ ና። ውረድ።

አስፋው የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀለው። ግንባሩ አልቦት ነበር።

«ሕንፃው ላይ ቴሌቪዥን የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ማንም አያየውም፤ ስሙን ከምረቃው በኋላ እናጠፋዋለን። ተነስ እንሂድ።»

ቦርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ በዝናቡ ተከተልኩት።

ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ነው። ከሥሩ ምንም የለውም። መሠረቱ ሲቆፈር አለት ወጥቶ ቁፋሮው እንደቆመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አባባ መረሳ በር ላይ ቆመው ነበር። «ይኼ ሳጥን ከደረጃ ይሻላል ነው የምትሉት?» አሉ። «ደረጃ መብራት ሲጠፋ ሰው አያስርም።»

«እርስዎ በደረጃዎ ይውጡ፣ አባባ» አለ አስፋው።

ቦርዱን ከአሳንሰሩ በር ጎን ባለው የመብራት ሳጥን ውስጥ ገጠምኩ። አስፋው ሊሞክረው ገባ። እጁ ገና ቁልፎቹን ሳይነካ በሩ ተዘጋ።

ከበሩ በላይ ያለውን የፎቅ ቁጥር አየሁ።

ዜሮ።

ከዚያ አንድ። ከአንዱ በፊት ግን ሰረዝ በራች።

የዚያችን ሰረዝ ሽቦ አልበየድኩትም። አያስፈልግማ... ከዜሮ በታች ፎቅ የለም።

ሁለት። ሦስት። ሰረዟ እንደበራች።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ አባባ መረሳ።

ያን ጊዜ የአስፋው ድምፅ መጣ። ከታች አልመጣም። እዚሁ ከበሩ ጀርባ፣ በጆሮዬ እንደሚያንሾካሹክ ሰው...

«ሀብቴ... አጥፋው።»

ኃይሉን የሚቆርጠው ቀይ ማጥፊያ እጄ ሥር ነበር።

«ምን ይታይዎታል፣ ጓድ?»

«አፈር... አፈር እየገባ ነው።»

«ሌላስ?»

ቁጥሩ ሰባት ደረሰ።

«ሰው አለ።»

«ማን ነው?»

«ወንድምህ ነው።»

«ወንድሜ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«እሱ... አሁን።»

አፌን ከበሩ ስንጥቅ ላይ አደረግኩ። «ሞቷል?»

«ሞቷል። በዚያው ሌሊት ነው... እኔ ነኝ ያስያዝኩት። አጥፋው፣ በማርያም።»

ጓድ አስፋው ማርያምን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

እጄን ከማጥፊያው ላይ አነሳሁ።

«አጥፋው እንጂ ልጄ» አሉ አባባ መረሳ። «ምን ቆመህ ታያለህ?»

«እየሠራ ነው፣ አባባ። ይጨርስ።»

ሊያልፉኝ ሞከሩ። በሳጥኑ ፊት ቆምኩ። ቁጥሩ መውረዱን ቀጠለ። ድምፁ አንድ ጊዜ አፈር እንደሞላው አፍ ታፈነና ቆመ።

ከዚያ ቁጥሩ ተመልሶ መውጣት ጀመረ... በቀስታ።

ዜሮ። በሩ ተከፈተ።

አስፋው የለም። ወለሉ ላይ ቀይ ጭቃ ነበር። ከጭቃው የባዶ እግር ዱካ ወጥቶ፣ በእኔና በአባባ መረሳ መሃል አልፎ፣ ወደ ውጭው በር ሄዷል። ሲያልፍ ማናችንም አላየንም።

አባባ መረሳ አማተቡ። እኔ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

ማን እንዳረዳት አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ተከልን።