አምስት መቶ ዋት የሚል ወረቀት

«ጠጋ በይና አሽትቺው» አሉ ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑት ጋሽ ሞላልኝ።

ሳሚያ ጎንበስ አለች። የጥገና ጠረጴዛቸው ላይ ክዳኑ የተፈታ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን፣ ተቀምጧል። ውስጡ ከስሏል። ቢጫና ጥቁር ገመዶቹ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

«የማን ነው?»

«አንድ የገራዶ ልጅ ነው ያመጣው። ጌም እየተጫወተ ሳለ ቦግ አለበት። ወንበር ላይ የነበረ ልብስም ተያይዞ ነበር፤ ደግነቱ አባቱ ቤት ነበሩ።» ዕቃውን ገለበጡላት። «ያን ዕለት አትግዢ ያልኩሽ ዓይነት ነው። ወረቀቱ አምስት መቶ ዋት ይላል፤ የዚህን ግማሽ እንኳ አይችልም።»

ሳሚያ ቀዩን ወረቀት ስታየው ወዲያው አወቀችው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ኮምቦልቻ የምትኖረው የአክስቷ የራቢያ ልጅ፣ የአሥር ዓመቷ ከሪማ፣ ወድቃ እግሯ ተሰበረና እስከ ጭኗ ጀሶ ታሰረላት። ጅዳ የሚሠራው አባቷ መሕሙድ ልጁ ቤት ተዘግታ እንዳይከፋት ብሎ ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ በሰው ላከላት። የቀረውን ዕቃ መርጦ የመግጠሙ ሥራ ለሳሚያ ተሰጠ። ሳሚያ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤቷ የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ የሚያህላት የለም ይባላል።

በደስታ ነበር የጀመረችው። ማዘርቦርዱ ካርዱን እንደሚቀበል፣ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር እንደሚስማማ፣ የካርዱ ርዝመት ሳጥኑ ውስጥ እንደሚገባ በደብተሯ እየጻፈች አጣራች። የቀረው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነበር። ጋሽ ሞላልኝ «ባለ ቀይ ወረቀቱን አትግዢ፤ ደህናው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቂ» አሏት። ከሪማ ግን በየማታው በእናቷ ስልክ እየደወለች «መቼ ነው?» ትላታለች። ሳሚያም መጠበቅ አቃታት። ከሌላ ሱቅ ያንን ባለ ቀይ ወረቀቱን ገዛች። በእጇ ስታነሳው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለላት። ለካርዱ የሚሆን ገመድ እንኳ አልነበረውም፤ ለሃርድ ዲስክ የተሠሩ ሁለት ገመዶችን በማገናኛ አጋጥማ ሰካችው። አክስቷ «እሳት አያመጣብንም አይደል?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ጋሽ ሞላልኝ አይተውታል፤ ይሆናል ብለዋል» አለቻት።

ጋሽ ሞላልኝ አላዩትም ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ላብ አጠመቀሽ እኮ» አሉ አሁን።

«ምንም አልሆንኩም» ብላ ወጣች። ደጅ ቆማ ለአክስቷ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ራቢያ የምትሠራበት ፋብሪካ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቅድም፤ ሁልጊዜም አጥፍታ ጥበቃዎቹ ጋ ነው የምትተወው። ወደ ሥራ ስትሄድ ደግሞ ከሪማን በሩን ቆልፋባት ነው የምትሄደው። ቁልፉ ያለው ጎረቤታቸው አሚና ጋ ነው፤ የአሚናን ስልክ ግን ሳሚያ አታውቀውም።

ሮጣ መናኸሪያ ደረሰች። የኮምቦልቻው ሚኒባስ እስኪሞላ አሥር ደቂቃ ቆመ፤ ለሳሚያ ግማሽ ቀን ሆነባት። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምሩ አንድ ተሳቢ መኪና ከፊታቸው ገብቶ እየተንፏቀቀ ይወርድ ጀመር። በየኩርባው ሾፌሩ ሊቀድመው ይወጣና መልሶ ይገባል። ሳሚያ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አልጋው ላይ የተጋደመችው ከሪማ፣ ነጩ ጀሶና ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው መጋረጃ ይመጡባታል። ያንን መጋረጃ ገፍታ ኮምፒውተሩን ያስጠጋችው እሷው ራሷ ናት።

«እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አላት ረዳቱ።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ኮምቦልቻ ስትደርስ ባጃጅ ይዛ ሰፈር ገባች። ከግቢው በር ጀምራ እያሸተተች ሄደች። ምንም ሽታ የለም። በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ከሪማ፣ ኮምፒውተሩ ተከፍቷል?»

«ሳሚያ ነሽ? መብራት የለም እኮ» አለች ከሪማ ከውስጥ። «ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።»

«ሶኬቱን ንቀዪው፤ አሁኑኑ።»

«ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጀሶው አያስጎነብሰኝም። ሳሚያ፣ ትናንት ሲሸት ነበር። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ጌሙን ትከለክለኛለች ብዬ።»

ሳሚያ ወደ አሚና ቤት ሮጠች። አሚና የአስር ሶላት ላይ ናት። ሳሚያ ደጃፉ ላይ ቆማ በልቧ ያ አላህ፣ መብራቱን አታምጣው፣ ትንሽ ብቻ አቆየው ትላለች። አሚና ፊቷን ወደ ቀኝና ወደ ግራ መልሳ እንደጨረሰች ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ሳትጠይቃትም ቁልፉን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠቻት።

ሳሚያ በሩን ከፍታ በጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እጇ ኮምፒውተሩ የተሰካበት ዲቫይደር ጋ ሳይደርስ ከበላይዋ አምፖሉ በራ።

«መጣ» አለች ከሪማ።

የኮምፒውተሩ ፋን ዞረ። መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ ያስተካከለችው ሳሚያ ናት፤ ከሪማ እየተነሳች እንዳትቸገር ብላ። ከሳጥኑ ጀርባ ጠሽ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሰማያዊ ብልጭታና ወፍራም ጭስ ተከተለው። የመጋረጃው ጫፍ መጨማደድ ጀመረ። ሳሚያ የዲቫይደሩን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ወደ ኋላ ጣለች። ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቀለ። ከኋላዋ የገባችው አሚና መጋረጃውን ጎትታ አወረደችና በእግሯ ረገጠችው።

ከሪማ ከሳሏ መሃል ታለቅሳለች። ሳሚያ ደግፋ ግቢ አወጣቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። የደሴ ሚኒባስ ገና አለ፤ መሄድ ትችል ነበር፤ ግን አልተነሳችም።

ራቢያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። የተቃጠለውን መጋረጃ አየች፤ ልጇን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጣቷ ደባበሰቻት። ከዚያ ወደ ሳሚያ ዞረች።

«ያ ሰውዬ ነው ጉድ የሠራን። አይቼዋለሁ፣ ይሆናል ብሎ። ወላሂ፣ ነገ ደሴ ወጥቼ ሱቁ በር ላይ ነው የማዋርደው።»

ሳሚያ ዝም ብትል ያበቃ ነበር። ማንም ሌላ ነገር አያውቅም። ጋሽ ሞላልኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ሲሰደቡ ታዩዋት።

«እቴቴ፣ እሳቸው አላዩትም» አለች። «እንዲያውም አትግዢ ብለውኝ ነበር። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

ራቢያ ወደ ቤቱ በር ዞረች።

«ቆልፌባት እንደምሄድ ታውቂያለሽ» አለች በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

ራቢያ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ጅዳ ትደውላለች። ቁጥሩን ፈልጋ አገኘችው፤ ጣቷ ግን ሳይነካው ቆመ። ሳሚያ ተነስታ ቆመች።

«ለጋሼ መሕሙድም እኔው ልንገረው» አለች፤ ስልኩን ለመቀበልም እጇን ዘረጋች።