የታጠበው ማጣሪያ

ከሐይቁ ማዶ ፋብሪካ ከተተከለ ወዲህ የመንደራችን አየር ጉሮሮ ይከረክራል። እኛ ዓሣ አጥማጆች አቤት ብንል «ማስረጃ አምጡ» ተባልን። አየሩን የምትለካው ልጅ የመጣችው ለዚህ ነበር። መንደርተኛው «ንፋስ መዛኟ» አላት።

መሣሪያዋን እኛ ግቢ አጥር ላይ ሰቀለችው። አየር እየሳበ መዳፍ በምታህል ነጭ ማጣሪያ የሚያሳልፍ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ የፋብሪካው ጭስ በሰባት ቀን ውስጥ ማጣሪያውን ካጠቆረው ማስረጃችን እሱ ነው። ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በየጊዜው እንድጽፍላት ደብተር ሰጠችኝ።

«አንድ ፊደል እንኳ አልሳትክም!» አለችኝ ስታነበው።

«እርስዎ ካሉ...»

«አንቺ በለኝ እንጂ! አሮጊት አደረግከኝ እኮ።»

አንገቴን ደፋሁ። ዓይኗን ግን ሰርቄ ማየቴ አልቀረም።

በሰባተኛው ቀን ከሐይቅ ስመለስ ማጣሪያው ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«እማዬ፣ ይሄ ምን ሆነ?»

«ጠቁሮ ሳየው አፈርኩ! የሰው ዕቃ እኛ ቤት ቆሽሾ ይመለስ? ሁለቴ በሳሙና አሸሁት።»

ዝም ብል መንደሬ ማስረጃ ያጣል። ብናገር እናቴን አዋርዳለሁ፤ ልጅቷም የሳምንት ድካሟን ውሃ በልቶት፣ ዞራም አታየኝ።

ልትሄድ ዕቃዋን መኪና ላይ ጭና መጣች። ማጣሪያውን ስታይ ግራ ገባት።

«አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም? አየራችሁ ንጹሕ ነው ማለት ነው?»

«አትውሰጂው» አልኩ ሳላስበው። «እናቴ አጥባዋለች። አንቺን መዋሸት አልቻልኩም።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ ማጣሪያውን አገላበጠች፤ እናቴን አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«እማማ፣ ሳሙናው ምን ዓይነት ነው? ለእኔም ይግዙልኝ!»

ሻንጣዋን አውርዳ መኪናውን አሰናበተች። «ሌላ ሰባት ቀን እቆያለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዝም ብለህ ቢሆን ሁላችሁም አልቆላችሁ ነበር።»

ሁለተኛው ማጣሪያ ከሰል መሰለ። ልትሄድ ስትል መኪና ስላልነበራት በጀልባ ሐይቁን አሻገርኳት።

«ውጤቱን ራሴ አመጣዋለሁ።»

«ውጤቱን ብቻ?»

«አይ አንተ! ዓይን አፋር ነው ያሉኝ ሰዎች ዋሽተውኛል» ብላ ውሃ ረጨችብኝ። ከዚያ መቅዘፊያውን በያዘው እጄ ላይ እጇን አሳረፈች።

በውጤቱ ፋብሪካው ጭሱን እንዲያጣራ ተገደደ። እሷም እንዳለችው ውጤቱን ራሷ ይዛ መጣች፤ በዚያው ቀረች። ዛሬ እናቴ «ምራቴ» ብላ ስትጣራ፣ «አቤት እማማ» የሚለውን ድምፅ ስሰማ፣ መረቤን አስቀምጬ «ተመስገን» እላለሁ።