ዘንድሮ ጉም የለም

«ቆይ! አንድ ደቂቃ ብቻ! በናትሽ!»

ሽቦ ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ «አንድ ደቂቃ» ዘጠነኛው ነው፤ ቆጥራለች። ዞር ስትል ራዲዮ ዳገቱ መሃል ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላለች። ቦርሳዋ ከጀርባዋ ቢወርድም አፏ አላረፈም።

«እዚህ አየር የለም እኮ! ሰው በምን ይተንፍስ?»

ስሞቹን ያወጡላቸው የክፍል ልጆች ናቸው፤ ለአንዷ በቅጥነቷ፣ ለሌላዋ በወሬዋ። የትምህርት ቤቱ የተራራ ክበብ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አይወስድም፤ ሁለቱም ደግሞ ስምንተኛ ናቸው። ሽቦ ለዚህች ቀን ብላ ዓመቱን ሙሉ ቦርሳዋን በውሃ ጠርሙስ ሞልታ የሚኖሩበትን ፎቅ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ከርማለች። ወንድሟ «ሊፍት አለ እኮ!» እያለ ሲስቅባት ችላዋለች። አሁን ጫፉ ፊት ለፊቷ ነው፤ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ግን ያልደረሰ ሁሉ ይመለሳል። አምስት ከሩብ ሆኗል።

«ውሃሽን ተሸከምኩልሽ፣ ብርድ ልብስሽን ተሸከምኩልሽ፤ አሁን ደግሞ አንቺን ልዘልሽ?»

«እግሬን እኮ ነው...»

«ጫማሽን አውልቂ እስኪ።»

«አይ፣ ይቅር...»

«አውልቂ አልኩሽ!»

የካልሲው ተረከዝ በደም ርሷል። ሽቦ ጫማውን ገልብጣ አየችው። ከሶሉ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ገና አልተላጠም።

«አንድ ወር ሙሉ አድርጌ አለማምጄዋለሁ ብለሽ ምለሽልኝ አልነበር?»

«እንዳይቆሽሽ ብዬ...»

«እንዳይቆሽሽ! የተራራ ጫማ! እንዳይቆሽሽ!»

ከኋላ ይከተሉ የነበሩት የስፖርት መምህር ደረሱ። ቁስሉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና በፋሻ ጠቀለሉት።

«ይቺ ከዚህ በላይ አትሄድም፤ እኔ ይዣት እወርዳለሁ። አንቺ ከፈለግሽ እነዚያን ተቀላቀዪ» አሉ ወደ ላይ እየጠቆሙ። ሁለት የክፍላቸው ልጆች ትንሽ ከፍ ብለው ቆመዋል።

«ሽቦ!» ብሎ ጮኸ አንደኛው። «ዘንድሮ እንኳ ጉም የለም! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሽቦ ደነገጠች። አምና ሁለቱን ከመንገድ የመለሳቸው ጉም ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚያውቀው እንዲያ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሌሎቹ ቀድመው ርቀው ሳለ ሽቦ ግማሽ መንገድ ላይ አስመለሳት፤ እናቴን ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ራዲዮ ቦርሳዋን ተቀብላት አብራት ወረደች። ከዚያ «ጉሙ እንዴት ያለ መሰላችሁ! እጃችሁን ብትዘረጉ አይታያችሁም!» እያለች ላገኘችው ሁሉ አወራች። የሰው ነገር አንድ ቀን አሳድራ የማታውቀው ልጅ፣ ይቺን ነገር ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈሰችም።

አሁንም አላነሳችባትም። «አምና እኔ ላንቺ ስል» ብትላት በስንት ጣዕሙ፤ ሽቦ በንዴቷ ጥላት ትሄድ ነበር።

«ሂጂ በቃ» አለች ራዲዮ ፋሻውን እያየች። «ፎቶ አንሺና ታሳዪኛለሽ።»

ሽቦ ጫፉን አየችው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ደመና እንኳ የለችም። እንባዋ መጣ። በገዛ ጓደኛዋም፣ በጫማውም፣ በዚያ በተረገመ ወረቀትም ተናደደች። ቦርሳዋን ከፍታ ለካምፕ የያዘችውን ሰንደል ጫማ አወጣችና ራዲዮ እግር ስር ወረወረችው።

«አድርጊው፤ ተረከዙ ክፍት ነው። እንዳይቆሽሽብሽ ደግሞ!»

«ሽቦዬ...»

«ሽቦዬ አትበዪኝ! አልታረቅኩሽም።»

«ኧረ እኔም ታረቂኝ አላልኩሽ።»

ሽቦ እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ ወደ ላይ ተጣራች።

«ሂዱ እናንተ! እኛ እዚህ ጉም ይዞናል!»

መምህሩ ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና የራዲዮን ቦርሳ አነሱ።