ፍሬኗ የማይነካ መኪና

«ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ! አቶ ስብሐት በዓለም አደባባይ በደኅንነቷ ተፈትና አምስት ኮከብ የተሸለመች፣ ሰው ስታይ ራሷን በራሷ የምታቆም ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ግቢያቸው ያስገቡ መሆኑን በታላቅ ደስታ ያበሥራሉ። ለማየት በሩ ክፍት ነው፤ መንካት ግን ክልክል ነው።»

ማስታወቂያው በእድሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ከወጣ ወር አልሞላውም። ከሥሩ የእንኳን ደስ ያለዎት ጭብጨባ ተደርድሯል። ከጭብጨባው ሥር የዛሬው መጥቷል፦ የአቶ ስብሐት የቀብር ሰዓት ወደፊት ይገለጻል።

ኢንስፔክተር ኢየሩ ስልኳን ኪሷ ከታ ወደ ግቢው ገባች። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው መንገድ ገባ ያለ ግቢ ነው። አቶ ስብሐት ከድንጋዩ አጥር ሥር ነጠላ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ትንሿ መኪና ከፊታቸው ቆማለች፤ የወንበሮቿ ላስቲክ ገና አልተነሣም፣ አፍንጫዋም በቅጡ አልተጨረመተም።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ የትራፊክ ፖሊሱ። «ሹፌሩ ነዳጅ ረግጧል፣ ሰውየው ሞተዋል።»

«ኤሌክትሪክ ናት።»

«ያው፣ ኤሌክትሪክ ረግጧል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በቃ።»

ሹፌሩ ለሜሳ እጁ በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ኢየሩ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለምን ፍሬን አልያዝክም?»

«ክልክል ነው።»

«ማነው የከለከለህ?»

«ጋሼ ናቸዋ! እንግዳ በመጣ ቁጥር አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ፣ እኔ እነዳባቸዋለሁ፣ እሷ ራሷ ቀጥ ትላለች። አንድ ቀን ፈርቼ ፍሬን ብነካ ‹ኮከቧን ሰደብክብኝ› ብለው አኮረፉኝ። ዛሬ… ዛሬ አልቆመችም። እግሬ ፍሬኑን ሲያገኘው እሳቸው አልቀዋል። ዳኛው ሲጠይቀኝ ገድያለሁ ነው የምለው። ሌላ ምን እላለሁ? ገድያለሁ።»

ኢየሩ አንገቱ ሥር ያለውን ቀይ ሰንበር አየች። የቀበቶ ሰንበር ነው።

«ግቢ ውስጥ ቀበቶ ታስራለህ እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ቻይናዊቷ አዝዛኝ ነው።»

«የቷ ቻይናዊት?»

«መኪናዋ ውስጥ ያለችው። ቻይንኛ ብቻ ነው የምታወራው። ሌላ ጊዜ ጨዋ ናት፤ ዛሬ ግን ነዘነዘችኝ። ቀበቶ እሰር አለች፣ አሰርኩ። ካሰርኩም በኋላ ደገመችው።»

ኢየሩ ተነሣች።

ጎረቤቱ አቶ ሂሻም ጉልበታቸውን አቅፈው አጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። ‹ባሕር ማዶ የተሰጠ ኮከብ ጉለሌ ላይ አይሠራም› ብዬ አበሸቅኋቸው። ‹ና እይ!› ብለው ቆሙ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ የሚደግፋቸውን ሰው ሁሉ ይገፈትራሉ። «መልአኩ ይጠብቃቸው ብዬ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሥዕሉን ለጠፍኩላቸው። ይኸው ጠበቃቸው!» አሉና እንደ መሣቅ አደረጋቸው፤ ለሰሚው ከለቅሶው ይልቅ ሣቁ ከበደው።

ኢየሩ ወደ መኪናዋ ዞረች። የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ከፊት መስታወቱ አናት፣ ከመሃል፣ በውጭ በኩል ከስፖኪዮው ትይዩ ተለጥፏል።

«እዚያ ላይ እንዴት ደረሱ?»

«ዱካ ላይ ወጥቼ። እኔማ ታች ጥጉ ላይ ላደርገው ነበር። ቢኒያም ነው ‹እትዬ፣ መልአክ ጥግ አይቀመጥም፤ ከፍ ያድርጉት፣ መንገዱን ይይ› ያለኝ።»

ቢኒያም የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ከሁሉም ለይቶ የሚያሳየው ሸሚዙ አለመዛነፉ ብቻ ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተርጓሚ። ከቻይንኛ።»

«የመኪናዋን መመሪያ ያነበብከው አንተ ነህ?»

«ሌላ ማን ያነባል? ወንድሜ መሃል ይቆማል፣ እኔ አነብባለሁ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እኔ አጨበጭባለሁ። ከልጅነታችን እንዲሁ ነን።»

ኢየሩ ሁሉንም መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ለሜሳንም ከነካቴናው አስነሣችው። እሷ መሪው ጋ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና መኪናዋን አስነሣች። ወዲያው ረጋ ያለ የሴት ድምፅ በቻይንኛ ተናገረ።

«ቢኒያም፣ ምን አለች?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀበቶ እሰሪ።»

ኢየሩ ደረቷ ላይ ያለውን ቀበቶ በጣቷ ሳብ አድርጋ አሳየችው። የመኪናዋ ሴትዮ ያንኑ ደገመች።

«ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ ሥዕሉን ያንሱልኝ።»

ወይዘሮዋ ዱካው ላይ ወጡ፤ ሥዕሉን ልጠው ተሳለሙት። ሴትዮዋ ዝም አለች። ኢየሩ ወጥታ ባዶውን ቦታ በመዳፏ ሸፈነችው። ሴትዮዋ ጀመረች። መዳፏን አነሣች። ዝም።

«ቻይንኛ አልችልም፤ ይሄን ያህል ግን ገባኝ» አለች ኢየሩ። «ሰው የምታየው ከዚህ መስታወት ኋላ ባለው ካሜራ ነው። ሲሸፈንባት ትታወራለች፣ አትቆምም። እሷ ግን አልደበቀችም፤ ደጋግማ ተናገረች። አቶ ሂሻም ሟቹን አበሸቁ እንጂ ካሜራ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ለጠፉ እንጂ ቦታውን አልመረጡም። ለሜሳ፣ ‹ቀበቶ እሰር› ብላለች ብሎ የተረጎመልህ ማነው?»

ለሜሳ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ጋሽ ቢኒያም። ምን ትላለች ብዬ በመስኮት ጠይቄው።»

«ጫጫታ ነበር» አለ ቢኒያም። «ተሳስቼ ይሆናል።»

«የጠዋቱን ስሕተት ነው ልልህ እችል ነበር። አሁን ግን ጸጥታ ነው፣ ቀበቶዬም ታስሯል፤ አንተ ያንኑ ደገምክልኝ። ስሕተት ቢሆን አሁን ታርመው ነበር። መመሪያውን አንብበህ የዓይኗን ቦታ ታውቃለህ። ወንድምህ አጥሩ ሥር እንደሚቆም፣ ሹፌሩ ፍሬን እንደማይነካ ታውቃለህ። እጅህን አላነሣህም። አንድ ቃል ለወንድምህ ሚስት፣ አንድ ቃል ለሹፌሩ፤ ሌላውን እነሱ ሠሩልህ።»

ቢኒያም አልካደም። የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

ኢየሩ የለሜሳን ካቴና ራሷ ፈታችው። ካቴናው ወደ ቢኒያም እጅ ሲሻገር ለሜሳ አልተደሰተም፤ ቀኝ እግሩን የሌላ ሰው እግር ይመስል ቁልቁል ያየዋል።

«ወንድምህ እኮ ናቸው!» ጮኹ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፤ ሥዕሉን ጨምድደው ይዘውታል። «በእኔ እጅ! በገዛ እጄ! ምን አደረጉህ? ንገረኝ እንጂ፣ ምን አደረጉህ?»

ቢኒያም አያያቸውም።

ለሜሳ ወደ እሱ ቀረበ። «ጋሽ ቢኒያም፣ የእሳቸውስ ይሁን። እኔን ለምን? ነገም መንዳት አለብኝ፤ በዚህ እግር ነው የምነዳው። ለምን እንደሆነ እንኳ ንገረኝ።»

«አልናገርም» አለ ቢኒያም።

«ለእኔ ብቻ።»

«ለማንም። አላስረዳም።»